ጓደኛህን ሳትሰብር ፋይተር መሆን፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች የኤምኤምኤ መመሪያ

ፋይተር ልሁን ብዬ የተነሳሁ ሰሞን፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ አብሮ አደጌን የጎድን አጥንቱን ሰነጠቅኩት። ሆን ብዬ አይደለም። ስልክ ላይ ያየሁትን የጉልበት ምት "እስኪ እንሞክራት" አልኩት። እሱም "በል እስኪ" አለኝ። ስድስት ሳምንት ከቤት አልወጣም። እኔም ስድስት ሳምንት ብቻዬን ጆንያ ስደበድብ ከረምኩ።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ከተማ ብዙ ነገር በዘዴ ይተካል። ምንጣፍ ይሠራል፣ ጆንያ ይሰፋል፣ አሠልጣኝም በከፊል በቪዲዮ ይካካሳል። አብሮህ የሚሠራ ሰው ግን ምትክ የለውም። እሱ ከተጎዳ ልምምዱ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያች ጎድን አጥንት የመጣ ነው።

1. መጀመሪያ ጨዋታውን እወቀው

ኤምኤምኤ ቦክስን፣ የእግር ምትን፣ ትግልን፣ መሬት ላይ የሚደረገውን ማነቅና መቆለፍ አንድ ላይ ያመጣ ውድድር ነው። ትልቁ ድርጅት ዩኤፍሲ የመጀመሪያ ዝግጅቱን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993 አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ ነው። ያን ምሽት ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የሚባል 80 ኪሎ ገደማ የሆነ ቀጭን ብራዚላዊ ነበር። ከእሱ የሚከብዱ ሦስት ሰዎችን በአንድ ምሽት አሸነፈ። በቡጢ አይደለም። መሬት ላይ ምን እንደሚደረግ እሱ ያውቃል፣ እነሱ አያውቁም። በቃ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እግሩን ጣሪያ የሚያስነካ የቴኳንዶ ልጅ ሞልቷል። ጀርባው መሬት ሲነካ ግን የተገለበጠ ጢንዚዛ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ሕጉን ባጭሩ ያዘው። በሙያተኞች ውድድር 3 ዙር አለ፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ። ለሻምፒዮንነት ከሆነ 5 ዙር ነው። በአማተር ብዙ ጊዜ 3 ዙር በ3 ደቂቃ ነው። ዳኞች ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ 9 ወይም ከዚያ በታች ይሰጣሉ። ዓይን መውጋት፣ ብልት መምታት፣ ማጅራትና አከርካሪ መምታት፣ በራስ መግጨት፣ መንከስ፣ አንድ ጣት ይዞ መጠምዘዝ ክልክል ነው። መሬት ላይ ያለን ሰው ጭንቅላቱን መርገጥም እንዲሁ። እነዚህን ከውድድር በፊት ሳይሆን ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምረህ ልመዳቸው።

የወንዶች የክብደት ምድቦች በዩኤፍሲ ከ56.7 ኪሎ ይጀምራሉ። ከዚያ 61.2፣ 65.8፣ 70.3፣ 77.1፣ 83.9 እያለ ይሄዳል። ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆንክ ተመዝነህ ጻፈው። በኋላ ትፈልገዋለህ።

"ዕድሜዬ ሄዷል" ለምትሉኝ ደግሞ የካሜሩኑ ፍራንሲስ ንጋኑ አለላችሁ። በልጅነቱ የአሸዋ ማውጫ ውስጥ አካፋ ይዞ ይሠራ ነበር። ፓሪስ ሲደርስ 26 ዓመት አልፎት ነበር፣ ማደሪያም አልነበረውም። ኤምኤምኤን የጀመረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ34 ዓመቱ የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም ሰው ንጋኑ ይሆናል እያልኩ አይደለም። በ22 ዓመትህ "አረጀሁ" አትበለኝ ነው የምልህ።

2. ሰው ፈልግ

ከጓንትም ከክለብም በፊት ሰው። ቢያንስ ሦስት ሁኑ። ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛው ሰዓት ይይዛል፣ ስህተት ያያል፣ ነገር ሲሞቅ "በቃ" ይላል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ አንዱ ሲታመም ልምምዱ ይቀራል። በኪሎ ከ10 በላይ ባትራራቁ ይመረጣል።

ጠባዩ ከጉልበቱ ይበልጣል። እኔ ሰው የምመርጠው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ፋውል ሲሠራበት ምን ያደርጋል? ተነስቶ ጨዋታውን ከቀጠለ ጥሩ። የሰውን ኮሌታ ከያዘ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ምንጣፍህ ላይ አታውጣው። አንድ ቀን ቡጢ ሲያርፍበት ያቺው ኮሌታ ያንተ ትሆናለች።

ሴት ከሆንሽም ነገሩ ያው ነው። ቴኳንዶ ክለብ ውስጥ ጓደኛ ካለሽ ከእሷ ጋር ጀምሪ። መሬት ላይ የሚሠራው ነገር ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ዘዴ ስለሚፈልግ ለቀላል ሰው ይመቻል።

ለቤተሰብ ንገር። ተደብቀህ ጀምረህ ፊትህ አብጦ ስትገባ ነገሩ ይበላሻል። እናቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና "እና ከፍለህ ነው የምትደበደበው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን ከዚያ በኋላ እንቁላል ቀርቶብኝ አያውቅም።

3. የቆመውን ክፍል ከክለብ ተማር

ቴኳንዶ፣ ካራቴ፣ ውሹ፣ ኪክቦክስ፣ ቦክስ፤ በአቅራቢያህ ያለውን ውሰድ። ምርጫ ካለህ እኔ ቦክስን ወይም ሳንዳን እመርጣለሁ። ሳንዳ የውሹ የፍልሚያ ክፍል ነው፣ ቡጢም እግርም መጣልም ስላለው ለኤምኤምኤ ይቀርባል።

ከመመዝገብህ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለህ እይ። በደንብ ያሟሟቃሉ? አዲስ ገቢ ከነባር ጋር በመጀመሪያው ቀን ይጋጠማል? የተጎዳ ልጅ "ወንድ ሁን" ይባላል ወይስ አርፎ ይቀመጣል? አዲሱን ለነባሩ ጅራፍ ማለማመጃ የሚሰጥ ክለብ ካየህ ውጣ። ፈቃድ እንዳለውም ጠይቅ፣ ኋላ ውድድር የምትመዘገበው በክለብ ነውና።

አንድ የአክብሮት ነገር። ትግሉን ለብቻህ እንደምትሠራ ለአሠልጣኝህ አትደብቅ። "ማስተር፣ ከእርስዎ ጋር ቡጢና እግሩን መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ቅዳሜና ማክሰኞ ደግሞ ከልጆች ጋር ትግል እየሞከርን ነው" ብለህ ንገራቸው። የሚቆጡ አሉ። አብዛኞቹ ግን "አንገታችሁን እንዳትሰብሩ" ብለው ያልፉታል። አንዳንዱ እንዲያውም ራሱ ይመጣል።

4. ምንጣፍ ሥራ

ሲሚንቶ ላይ ትግል አይሠራም። ሣር ላይም ለጊዜው ካልሆነ አይበጅም፣ ጠጠር አለው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደሴ ምን እንደምትመስል ታውቃለህ። ጣሪያ ያለው ቦታ ፈልግ። ባዶ መጋዘን፣ የግቢ ጥግ፣ በረንዳ። 4 በ4 ሜትር ከተገኘ ሸጋ ነው፣ ካነሰ ከ3 በ3 አይውረድ።

እኛ የሠራነው እንዲህ ነው። መሬቱን አስተካክልና ጠጠሩን ልቀም። ዙሪያውን በአራት አጣና ክበብ። እርጥበት እንዳይስብ ከስር ላስቲክ አንጥፍ። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ለምነህ አምጣ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጡሃል። ደረቅ መሆኑን በእጅህ ጨብጠህ እይ፣ ከተጣበቀ እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። በውስጡ ምስማርና ስንጥር እንዳይኖር በወንፊት ንፋው። ይህችን አትዝለላት፣ አንዱ ልጅ ጉልበቱ ውስጥ ስንጥር ገብቶ ያየነውን አይተናል።

ሰጋቱራውን አፍስሰህ ሦስታችሁም ወጥታችሁ ርገጡት። እየተረገጠ ይወርዳል። ጨምር፣ ርገጥ። ተረግጦ 10 ሴንቲሜትር ሲሆን በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፍ። ከዚያ ሸራ። ሸራው ላይ ነው ጥበቡ። ከላላ የእግር ጣት ይይዛል፣ ጉልበት ይጠመዝዛል። ሁለት ሰው ከሁለት በኩል እየጎተተ አንዱ በአጣናው ውጪ በኩል ይቸንክር። ምስማሩ ወደ ውጪ እንጂ ወደ ምንጣፉ አይዙር። አጣናውን በአሮጌ ስፖንጅ ጠቅልለው። ሲያልቅ ተንበርከክበት። ጉልበትህ መሬቱን ካገኘው ሰጋቱራ ይቀራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚወርድ እንደገና ሸራውን ፈትተህ ሙላው።

ጆንያው ይቀላል። ሁለት ጆንያ አንዱን ባንዱ ውስጥ አስገባ፣ በተቀዳደደ ልባሽ ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላ። ሰኞ ገበያ ሄደህ የማይሸጠውን ብጥስጣሽ ጠይቅ። አሸዋ አትጨምር። አሸዋ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ በእግርህ ስትመታው ታየዋለህ። ክብደቱ የራስህን ግማሽ ያህል ይሁን።

የእጅ ፓድ (ጓደኛህ ምት የሚቀበልበት ትራስ) ከሌለህ ወፍራም ሸበጥ እጅህ ላይ አጥልቅ። ሳቅ በሳቅ ይሆናል እንጂ ይሠራል።

የማይተኩ ነገሮች ግን አሉ። የጥርስ መከላከያ፣ የብልት መከላከያ፣ የእጅ ፋሻ፣ ለስፓሪንግ፣ ማለትም ከጓደኛህ ጋር ለሚደረገው የልምምድ ግጥሚያ፣ ደግሞ 16 አውንስ ጓንት። ያቺ ጣቷ ክፍት የሆነች ትንሽ ጓንት 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ገደማ ናት። ፎቶ ላይ ታምራለች። ፊት ላይ ግን ባዶ እጅ ማለት ናት። ለጓደኛህ ፊት ትልቁን ግዛ።

5. መውደቅና "ታፕ"

ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አትሥራ። እየሰለቸህም ቢሆን።

አወዳደቅ። ቁጢጥ በል። አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ እምብርትህን እያየህ። እጆችህን ደረትህ ላይ አጣምር። ወደ ኋላ ተንከባለል፣ ጀርባህ እንደ ጎማ ክብ ይሁን። ትከሻህ ምንጣፉን ሲነካ በሁለት መዳፍህና በክንድህ ሸራውን በጥፊ ምታው፣ እጆችህ ከጎንህ ትንሽ ራቅ ብለው። ድምፁ "ጧ" ማለት አለበት። ጭንቅላትህ ሸራውን ከነካ አገጭህ ተነስቷል ማለት ነው። በየቀኑ 20 ጊዜ ወደ ኋላ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ግራ። ሲለምድህ ቆመህ።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚሠራት ስህተት አለች። ሲወድቅ መዳፉን ወደ ኋላ ይዘረጋል። አንጓ የሚሰበረው፣ ክርን የሚወልቀው በዚያች እጅ ነው። ሦስተኛው ሰው ሥራው እሷን ማየት ነው።

ታፕ። ሲታነቅ ወይም ሲቆለፍ ሰው የጓደኛውን ገላ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እጁ ከተያዘ በአፉ "ታፕ" ይላል። የያዘው ወዲያው ይለቃል። "ደርሶብህ ነው?" ብሎ መጠየቅ የለም። "ትንሽ ላጥብቀው" የለም። አንገት ላይ በደንብ የገባ ማነቂያ በ10 ሰከንድ ገደማ ራስን ያስታል። የክርን ቁልፍ ደግሞ ካመመ በኋላ እስኪጎዳ የሚቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቁልፍ የሚሠራ ሰው እንቁላል እንደያዘ በዝግታ ይጨርስ።

እኛ ዘንድ ታፕ ማድረግ ሽንፈት ይመስላል። አይደለም፣ በሚቀጥለው ዙር እንደገና መሥራት ነው። ታፕ ያላለው ጀግና ክንዱን ታቅፎ ወጌሻ ደጅ ላይ ይገኛል። ወጌሻ ካነሳሁ አይቀር፣ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደህ ራጅ ተነሳ። የተሰነጠቀ አጥንት እየታሸ የባሰበት ልጅ አውቃለሁ።

6. መሬት ላይ

እዚህ ነው ብዙ ጊዜህን የምታጠፋው። ምቱን ክለቡ ያስተምርሃል። ብራዚሊያን ጂዩ ጂትሱ፣ ማለትም የመሬቱን ማነቅና መቆለፍ፣ የሚያስተምር ሰው ግን እስካሁን ደሴ ላይ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ስልክ። የሌሊት ጥቅል ገዝተህ አውርድ። ግን ደንብ አለው፦ አንድ ቪዲዮ ለሁለት ሳምንት። በቀን አሥር ቴክኒክ የሚያይ ልጅ አንድም አያውቅም። ደግሞ ለጀማሪ የሚያስተምረውን እንጂ የውድድር ቅንጭብ አትውሰድ።

ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ መውጣት። አንዱ ሆድህ ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ተቀምጧል። እንዴት ትገለብጠዋለህ? አንድ እጁን ደረትህ ላይ ያዝ፣ በዚያው በኩል ያለውን እግሩን በእግርህ አጥምድ፣ ወገብህን ወደ ላይ ወርውርና ወደዚያው ትከሻህ ተንከባለል። እጁንም እግሩንም በአንድ ወገን ካልያዝክ በዚያ ይመረኮዝና አይገለበጥም። ይህች አንዷ ነገር ናት፣ ሁለት ሳምንት ሥራት።

ከዚያ ጎን ላይ ከተጫነህ ሰው መውጣት። ከዚያ በጀርባህ ተኝተህ በእግሮችህ ወገቡን መያዝ፣ እነሱ ጋርድ የሚሉት። ከዚያ ሰው እግርህን ሊይዝ ሲመጣ እግሮችህን ወደ ኋላ ወርውረህ ደረትህን ጀርባው ላይ መጣል። ይህ ስፕሮል ይባላል። ቴኳንዶ የሚያውቅ ልጅ ስፕሮል ከጨመረበት ግጥሚያው በቁም ይቀራል፣ እዚያ ደግሞ ጌታው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት እግር ይዞ መጣል። ማነቅና ክንድ መቆለፍ መጨረሻ። ልጆቹ ሁሉ ከማነቅ መጀመር ይፈልጋሉ። እሺ አትበላቸው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ከአንድ አቋም ጀምሩ። የላይኛው ለመቆየት፣ የታችኛው ለመውጣት። ማነቅ የለም፣ መምታት የለም። 2 ደቂቃ፣ ቀይሩ። በአንድ ምሽት አሥር ጊዜ ይደገማል። ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፣ ትምህርቱ ግን ይገባል። ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ትግል እንገጥም የነበርን ሰዎች ሚዛናችን ቀድሞ አለ። እሱን ነው የምናስተካክለው።

7. ቆሞ መምታት፣ በአጭሩ

ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ያለ ቡጢ)፣ ክሮስ (በኋለኛው እጅ ቀጥ ያለ)፣ ሁክ (ከጎን የሚመጣ)፣ ጭን ላይ የሚያርፍ እርግጫ፣ በፊት ለፊት እግር መግፋት። ለአንድ ዓመት ይበቃሃል። የሚሽከረከረው ኪክ ይቆይልህ። ስትሽከረከር ጀርባህን ሰጠኸው።

ቴኳንዶ የሠራን ሰዎች እጃችን ይወርዳል። መድኃኒቱ ካልሲ ነው። ካልሲ ጠቅልለህ በአገጭህና በደረትህ መሀል ያዝና 3 ደቂቃ ብቻህን ቦክስ። ከወደቀ አገጭህ ተነስቷል። የመጀመሪያ ቀን እኔ አሥራ ሁለት ጊዜ አንስቻታለሁ። ሦስት ዙር በባዶ፣ ሦስት ዙር ጆንያ፣ ሁለት ዙር ሸበጥ ከያዘ ጓደኛህ ጋር፤ መሀል ላይ አንድ አንድ ደቂቃ እረፍት።

8. ሳንባ

እዚህ ላይ ደሴ በነጻ የሰጠችን ነገር አለ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነትህ ተላምዶታል። ኮምቦልቻ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ወርደህ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ይቀልሃል። የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ ወደ ደሴ ስፓሪንግ ስትመጡ መጀመሪያው ዙር ላይ አትፍጠኑ። አይቻለሁ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ አፋችሁን ከፍታችሁ ነው የምትቆሙት።

በሳምንት ሁለት ቀን ሩጥ። አንዱን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ እያወራህ ልትሮጠው በምትችለው ፍጥነት። ሌላውን ቀን ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ዳገት፤ 1 ደቂቃ በሙሉ ኃይል ወደ ላይ፣ በእርምጃ መመለስ፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ። ጎህ ሳይቀድ ብቻህን አትውጣ፣ ጅብ ካንተ የተሻለ ዳገት ይወጣል። የሐረጎን አስፋልት ለሩጫ አትሞክራት። መታጠፊያው ብዙ ነው፣ ከባድ መኪናው አይቆምልህም።

ጉልበት ሁለት ቀን ይበቃል። ፑሽ አፕ፣ ፑል አፕ፣ ስኳት፣ ጓደኛህን ትከሻህ ላይ ተሸክሞ መሄድ። አንገትህን አትርሳ፤ መዳፍህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ግፋ፣ አንገትህ ይመልስ። ከኋላና ከጎንም እንደዚያው።

ሳምንቱ ለእኛ እንዲህ ወጥቷል። ሰኞና ሐሙስ ክለብ። ማክሰኞና ቅዳሜ ምንጣፍ። ረቡዕና ዓርብ ሩጫና ጉልበት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። እሁድ እረፍት። እረፍት ማለት ኳስ መጫወት አይደለም።

9. ምግብ፣ ጾም፣ ጫት

ዱቄት በቆርቆሮ የሚሸጡልህን ተዋቸው። ከባድ ልምምድ የሚሠራ ሰው በኪሎው 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃዋል። 65 ኪሎ ከሆንክ 104 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል፣ ሽምብራ 20 ያህል። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ቆሎ ካለህ ብዙ አልጎደለህም። ጠዋት በሶ በጥብጠህ ጠጥተህ ሩጥ።

የሁዳዴ 55 ቀን ያስፈራል እንጂ ጥራጥሬውን ካበዛህ ጉልበት አይጠፋም። ብትጠፋ የምትጠፋው የጾም ሰዓቱን ሳታስብ ጠዋት ከባድ ልምምድ ስትሠራ ነው። ከባዱን ጾሙ ከሚፈታበት ሰዓት አስጠጋው። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ቀላል ቴክኒክ ብቻ። ስፓሪንግ ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ወይም ከተራዊህ በኋላ። ውሃ በደንብ ያልጠጣ ሰው ጭንቅላቱን አይመታም። በጾም የሆነ ጓደኛህን "ና ትንሽ እንጋጠም" አትበለው፣ እሺ ይልሃልና።

ጫት ላይ አልሰብክም። የምለው አንድ ነው። እንቅልፍህን ይወስዳል፣ ምግብህን ይዘጋል። ከበርጫ የተነሳ ሰው ድካሙ አይሰማውም፣ የያዘውን አንገት መልቀቁን ይረሳል። እኛ ምንጣፍ ላይ የቃመ አይወጣም። ተጨቃጭቀንበት ያጸደቅነው ብቸኛው ሕግ ነው።

10. ስፓሪንግ

ከሦስት ወር በፊት የለም። ሲጀመር ከመቶ ሠላሳ እጅ ኃይል። "ጓደኛዬ ነገ ሥራ ይገባል" ብለህ ምታ። ከባዱ፣ መከላከያ ሁሉ ተለብሶ፣ ከሁለት ሳምንት አንዴ በላይ አይሁን። ሰዓት የያዘው ሰው "በቃ" ሲል ያበቃል፣ ክርክር የለም። አንዱ ከተናደደ ሁለቱም ወርደው ውሃ ይጠጡ።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው፣ ምን እንደተፈጠረ ያላስታወሰ ልጅ የዚያን ቀን ያቆማል። ምልክቱ ሁሉ እስኪጠፋ ልምምድ የለም፣ ጠፍቶም ቢያንስ 30 ቀን ጭንቅላት የሚነካ ነገር አይሠራም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የዓይኑ ብሌን አንዱ ከሌላው ከሰፋ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ውሰደው። "ይተኛና ይሻለዋል" የሚባል ነገር የለም።

ከልምምድ በኋላ ሸራውን በበረኪና ውሃ ጥረጉ፣ ሁልጊዜ። ጥፍር ይቆረጥ። ጭርት አንድ ልጅ ላይ ከወጣ በሳምንት ሦስታችሁም ላይ ነው። እሱ እስኪድን ከምንጣፍ ውጭ ይሩጥ። በመድኃኒት ካልጠፋ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና ከድሮ የታወቀ ነው፣ ቅርብም ነው። የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ አንዴ አብራችሁ ሄዳችሁ አድርጉ። አንዳንድ ውድድር ላይም ይጠየቃል፣ ደም ያለበት ስፖርት ነውና ለእርስ በርስም ዋስትና ነው።

11. የመጀመሪያው ግጥሚያ

ከአንድ ዓመት በኋላ አስበው። በቀጥታ ኤምኤምኤ መሆን የለበትም። ክለብህ በሚወዳደርበት በቦክስ ወይም በሳንዳ ወይም በቴኳንዶ ግባ። ሰው ፊት መቆም፣ ልብ ሲመታ መተንፈስ፣ ተሸንፎ ወደ ቤት መመለስ ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ከሌላ ክለብ ልጆች ጋር ወዳጃዊ ስፓሪንግ አዘጋጁ። ለኮምቦልቻና ለደሴ ልጆች መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ነው።

ኪሎ ላይ እባክህ ተንኮል አትሥራ። ውሃ አቁሞ፣ ላስቲክ ለብሶ ማላብ የሚያስተምሩህ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ አንድ ቻይናዊ ፋይተር ማኒላ ላይ ለውድድር ኪሎ ሲቀንስ ሞቷል። ከዚያ ነው ዋን ቻምፒዮንሺፕ የሚባለው ድርጅት ውሃ አድርቆ ኪሎ መቀነስን የከለከለው። መጀመሪያ ላይ የጻፍከውን ኪሎ አውጣ። በዚያው ምድብ ግባ። ሁለት ኪሎ ከበለጥክ በስድስት ሳምንት ቀስ ብለህ አውርድ፣ ካልሆነ ከላይኛው ምድብ ተጫወት።

ጥግህ ላይ የሚቆመውን ሰው ቀድመህ ምረጥ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር። አምስት ሰው ሲጮህ ምንም አይሰማህም። ሦስት ቃል ብቻ ተስማሙ፣ "እጅ"፣ "ትንፋሽ"፣ "ውጣ" እንደሚባሉት። ለእሱም "አቁሙት" የማለት፣ ፎጣ ወርውሮ የማስቆም ሥልጣን ከመጀመሪያው ይሰጠው፣ አንተ እምቢ ብትልም።

እኔ ጥግ ላይ የሚቆመው ያ ጎድን አጥንቱን የሰነጠቅኩት ልጅ ነው። አሁን ከእኔ በ4 ኪሎ ይከብዳል፣ ሲቀመጥብኝ ያንኑ ጎኑን እየነካ ይስቃል። ባለፈው ሁለተኛው ዙር ላይ "እጅ! እጅ!" ሲል ድምፁ ከአዳራሹ ሁሉ ተለይቶ ይሰማኝ ነበር። ፎጣውም እሱ ትከሻ ላይ ነበር።